የቀይ ምላስ ፍርድ

ልጅ እያለሁ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ ሥልጣን ይዤ ነበር። ሥልጣኔም የሰንበት ትምህርት ቤታችን የሕፃናት ተጠሪነት ነው። የተመረጥኩት በምግባሬ እንዳይመስላችሁ። አስተማሪያችን እትዬ ትርንጎ ጉንፋን ይዟቸው ድምፃቸው ስለተዘጋ ልጆቹን ጮኾ የሚሰበስብላቸው ሰው አስፈለጋቸው፤ እኔ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ስጣራ መንገድ ላይ ያሉ የአህያ ጋሪ ነጂዎች ሳይቀሩ ዞር የሚሉልኝ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ።

እትዬ ትርንጎ የጎንደር ሰው ናቸው። በሥራ ቀን ገበያ ውስጥ በርበሬ ይሸጣሉ። ነጠላቸው የሚጥሚጣ ሽታ ስለማይለቀው መዝሙር የተማርነው ግማሻችን እያስነጠስን ነው። ተጠሪ ሲያደርጉኝ «ልጆቹን ጠብቂያቸው» ነበር ያሉኝ። እኔ የሰማሁት ግን «ተቆጣጠሪያቸው» የሚለውን ነው።

ክረምቱ ገብቶ ጥቁሩ ጭቃ ጫማ መንጠቅ ሲጀምር ፍልሰታ ደረሰ። ፍልሰታ የልጆች ጾም ነው፤ ቅዳሴ እስኪወጣ እህል ውኃ አንቀምስም። በእኔ ዘመን የሚያጭበረብር እንዳይኖር ብዬ በየቀኑ በሩ ላይ አሰልፋቸውና «ምላስ» እላለሁ። ሁሉም ምላሱን ያወጣል። ደረቅና ነጣ ያለ ምላስ ያልፋል። እርጥብ ምላስ ያጠራጥራል። ቀለም ያለው ምላስ ግን ወደ ቤቱ ይመለሳል። ውኃ ጠጥቶ ምላሱን በነጠላው ጫፍ ሲያደርቅ የያዝኩት ልጅም አለ። አባታችን ሆይን ስመራ ደግሞ ማን እንዳልጨፈነ ለማየት አንድ ዓይኔን አልከድንም። በእነዚያ ቀናት ስለ ራሴ ለእግዚአብሔር የነገርኩት ነገር ትዝ አይለኝም፤ የሌሎቹን ክስ ግን በደንብ አቅርቤያለሁ።

አንድ ቀን ሳባ የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ መጣች። የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል። ምላሷን ብታወጣ ቀይ ነው። ወደ ቤትሽ አልኳት። አልተከራከረችም፤ አፏን ገጥማ ጭቃውን እየረገጠች ሄደች። በማግሥቱ አልመጣችም፤ በሦስተኛውም ቀን ቀረች። እኔ ሕግ በመከበሩ ደስ አለኝ።

በአራተኛው ቀን እናቴ ጨው ግዢ ብላ ወደ ሐጃ ኑርያ ሱቅ ላከችኝ። ሐጃ የመተማ ሙስሊም ናቸው፤ ደግነታቸው ሰው ሳያስፈቅድ ነው የሚመጣው። ፀሐይ ያቃጠለውን ፊቴን አይተው ቀዝቃዛ ከርከዴ፣ ያን ቀይ የአበባ መጠጥ፣ በብርጭቆ ሞልተው «ኢሽረቢ፣ ጠጪ ልጄ» አሉኝ። ጾመኛ ነኝ ልላቸው አፌን ከፈትኩ። ከአፌ ቃል ሳይወጣ ከርከዴው ገባበት። ሁለተኛውን ብርጭቆ የጠየቅኩት እኔው ነኝ።

ጨውን አድርሼ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆምኩና «ምላስ» አልኩ። ከሰልፉ ፊት የነበረው ልጅ ምላሱን ማውጣት ትቶ አፌን ትክ ብሎ አየ።

«ያንቺስ?» አለ።

የተጠሪ ምላስ አይታይም አልኩት። ይህን ስናገር ለካ ለሰልፉ ሁሉ እያሳየሁ ኖሯል። አንዷ በሳቅ ፈነዳች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። አዛውንቶቹ በቁጣ ዞር እስኪሉ ሳቁ፤ እየሳቁም ጥለውኝ ገቡ።

ከቅዳሴ በኋላ እትዬ ትርንጎ ለብቻ ጠሩኝ። ይሽሩኛል ብዬ ስለፈራሁ፣ ሥራዬን እንዳልበደልኩ ለማስረዳት ሳባን እንዴት እንደመለስኳት ነገርኳቸው። ፊታቸው ተለወጠ። ሳባ ወባ ይዟት ቀይ ሽሮፕ እየወሰደች ኖሯል። በስድስት ዓመቷ ጹሚ ያላትም የለም፤ ትኩሳቷን ይዛ የመጣችው መዝሙሩን ስለምትወድ ብቻ ነበር። እግሬ ሥር ያለውን ጭቃ እያየሁ ቆምኩ።

«አንቺ ልጅ» አሉኝ፣ «ብቻሽን ሆነሽ የጸለይሽው መቼ ነው?»

ብፈልግ ብፈልግ አንድም ቀን አጣሁ።

«ያልሄድሽበትን መንገድ እንዴት ትመሪያለሽ? ተጠሪነቱን አልነጥቅሽም። ጾሙ እስኪፈታ ግን ከኋላ ቆመሽ፣ ሁለቱንም ዓይኖችሽን ጨፍነሽ ትጸልያለሽ። አሁን ሳባ ጋ ሂጂ።»

ሄድኩ። አንድ ጫማዬን ጭቃው አስቀረው። ሳባ ግቢያቸው ውስጥ ካለው ዳስ ሥር የገመድ አልጋ ላይ ተኝታለች። ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት።

«መጀመሪያ ምላስሽን አሳዪኝ» አለችኝ።

አወጣሁ። አገጬን ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችና እኔ እንዳስተማርኳት አድርጋ መረመረችኝ።

«ቀይ ነው» አለች። «አንቺንም ወባ ይዞሻል ማለት ነው።» ከዚያ ፈቀቅ ብላ አልጋው ላይ ቦታ ሰጠችኝ። አጠገቧ ተኝቼ አለቀስኩ፤ እሷ መድኃኒት የፈራሁ መስሏት አባበለችኝ።

ከኋላ ቆሜ በጨፈንኩበት በመጀመሪያው ቀን እንቅልፍ ወሰደኝና አንዲት ሴትዮ ላይ ወደቅኩ። በሁለተኛው ቀን ሐሳቤ ሁሉ ምሳ ላይ ነበር። ጾሙ ሊፈታ ሲል ግን አንድ እውነተኛ ዓረፍተ ነገር ከአፌ ወጣ፤ «ጌታ ሆይ፣ እኔ ክፉ ነኝ፤ ድምፄ ብቻ ነው ትልቅ» አልኩ። ወደ ፊት ስመለስ ድምፄ ያው ነው፤ ምርመራው ግን ቀረ። ልጆቹ ምላሳቸውን የሚያወጡት ማንም ሳይጠይቃቸው፣ በእኔ ላይ ለመሳቅ ነበር።

ዛሬም ገዳሪፍ ነኝ፤ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ሰብሳቢም ሆኛለሁ። የጾሙ መርሐ ግብር በስልክ ይላካል፤ ከኡም ራኩባ የስደተኞች መጠለያ የሚመጡ ወጣቶች በትግርኛ ሲዘምሩ እንደሰታለን። ያኔ ግን ሳጠፋ የሚይዘኝ ሰው ነበረኝ። እትዬ ትርንጎ ጎንደር ከገቡ ቆይተዋል። አሁን ሰዎች «ሰብሳቢያችን» እያሉ ፊት ወንበር ላይ ያስቀምጡኛል፤ ወደ ኋላ ሂጂና ቁሚ የሚለኝ የለም። እየተነሣሁ የምሄደው ራሴ ነኝ።