ነሐሴ ሠላሳ የታመሙት

መቐለ ላይ የሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፌን ስሠራ ጉድ ሆንኩላችሁ። ጥናቱ ዓይደር አካባቢ ያለ የአንድ ክሊኒክ የሕሙማን መዝገብ ላይ ነው። ትንተናውን ከሀ እስከ ፐ፣ የትም ያለ ኮምፒዩተር አንብቦ እንዲደግመው አድርጌ በክፍት ስታንዳርድ ጽፌዋለሁ። አዲስ አበባ ያሉት ፈታኜ በራሳቸው ማሽን ቢያስኬዱት ያው ውጤት ይወጣል ብዬ ደረቴን ነፍቻለሁ።

ደወሉልኝ።

"ነሐሴ ሠላሳ ላይ ሕመምተኛ ጎረፈ ያልከው የታለ? እኔ ጋ ቀኑ ጭር ያለ ነው።"

ስለዚያ ቀን አንድ ሙሉ ምዕራፍ ጽፌያለሁ እኮ! በአሸንዳ ሰሞን ሕዝቡ ስለሚተፋፈግ ነው ብዬ ተፈላስፌበታለሁ። ሦስት ቀን እርምጃዎቹን አንድ በአንድ ፈተሽኩ፤ ስሕተት የለም። ልዩነቱ አንድ ብቻ ነው፤ እሳቸው የወሰዱት ጥሬውን ፋይል ሲሆን፣ እኔ የሠራሁት የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ወይዘሮ ለታይ አስተካክለው በሰጡኝ ነው።

ሄጄ ጠየቅኳቸው።

"ወደይ፣ ልጄ፣ ኮምፒዩተሩ አሥራ ሦስተኛ ወር አላውቅም ብሎ የጳጉሜን ሕመምተኞች ይጥላቸዋል" አሉኝ። "እንዳይጠፉ ብዬ በየዓመቱ ነሐሴ ሠላሳ ላይ አስገባቸዋለሁ።"

"ታዲያ ለምን መስከረም አንድ አላደረጓቸውም?" አልኩ።

መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ።

"አዲሱን ዓመት በሕመም ይጀምሩት?"