የጳጉሜ አራት ተከላካይ

አሜሪካ፣ ፎርት ዎርዝ ባለው ዌርሀውስ ሁዘይፋ የሚታወቀው ፓሌት ላይ በዕቃ አደራደሩ ነው። ከባዱን ከታች፣ ማዕዘን ከማዕዘን ገጥሞ ይደረድራል፤ ጣት የሚያስገባ ክፍተት አይተውም። ይህን የት እንደተማረ ሲጠይቁት "ዴንማርክ፣ ኳስ ሜዳ" ይላል። የሚቀልድ ይመስላቸዋል።

ደሴ ተወልዶ በስምንት ዓመቱ ከእናቱ ጋር በሱዳን በኩል ዴንማርክ ገባ። በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ለአንድ ክለብ ፈርሞ ዘጠኝ ዓመት በሁለተኛው ሊግ ተጫወተ። የመሐል ተከላካይ፣ በግራ በኩል። ሁለት መቶ ዐሥራ አንድ ጨዋታ፣ አራት ጎል፣ አንድ የጉልበት ቀዶ ሕክምና። ፈጣን አልነበረም። አሰልጣኙ "ተከላካይ ላቡን እያንጠፈጠፈ ሲሮጥ ካየኸው መጀመሪያውኑ የተሳሳተ ቦታ ቆሞ ነበር" ይል ነበር፤ ሁዘይፋም ቦታውን ማወቅ ተማረ።

ሁመይራን ያገኛት ኮፐንሃገን፣ የዘመድ ሰርግ ላይ ነው። እሷ አሜሪካ፣ ሪቻርድሰን የምትባል ከተማ ልጅ ናት። የዴንማርክ ሕግ የውጭ አገር ሚስት ለማስገባት ባልም ሚስትም ሃያ አራት ዓመት ይሙላቸው ይላል፤ እሷ ሃያ አንድ ነበረች። ሦስት ዓመት ከመጠበቅ እሱ ቢሄድ ይሻላል ተባለ። ኮንትራቱም አልቆ ነበር። በፈረንጅ 2008 መጨረሻ አሜሪካ መጣ፤ ኒካህ አስረው አባቷ ቤት ገቡ።

አማቱ ጋሽ ፈክረዲን ኤርፖርት ፓርኪንግ ላይ ይሠራሉ። በሃያ ዓመት ውስጥ ለወሎ ሰው ሁሉ ፎርም የሞሉ ናቸው፤ በነፃ፣ በጥቁር እስክሪብቶ፣ በትልልቅ ፊደል። የሁዘይፋንም የግሪን ካርድ ፎርም እሳቸው ሞሉ። ከደሴ የመጣው የልደት ወረቀት 4/13/72 ይላል። ጳጉሜ አራት ቀን ሰባ ሁለት፣ በፈረንጅ ሴፕቴምበር 9፣ 1980 ማለት ነው። ጋሽ ፈክረዲን የስንቱን ሰው ልደት እንዲህ ቀይረዋል። የዚያን ቀን ግን ዓይናቸው እንደ አሜሪካ አነበበው፤ ወር አራት፣ ቀን ዐሥራ ሦስት። ኤፕሪል 13፣ 1972 ብለው ጻፉ። ዴንማርክ ቢሆን ቀኑን አስቀድመው ስለሚያነቡ "ዐሥራ ሦስተኛ ወር የለም" ብለው ይመልሱት ነበር። እዚህ አለፈ። ሁዘይፋ ቢጫ ወረቀት የተለጠፈባቸው አምስት ቦታዎች ላይ ፈረመ፤ አላነበበም። አማት የሞላውን ማን ያነባል?

የሥራ ፈቃዱ በዚያው በተሳሳተው የልደት ቀን ታትሞ መጣ። ሃያ ስምንት ዓመት የሞላው ሰውዬ በአንድ ጊዜ ሠላሳ ሰባት ሊገባ ነው። ቤቱ ሳቀበት፤ ኢንተርቪው ላይ እናስተካክላለን ተባለ። ኢንተርቪው ላይ ኦፊሰሯ ፓስፖርቱንና ፎርሙን ጎን ለጎን አድርጋ አየች፣ ከዚያ እሱን አየችው፤ ፋይሉ ለተጨማሪ ምርመራ ተላለፈ።

በጁላይ 2009 የድሮ አሰልጣኙ ደወለ። አሁን ሌላ ክለብ ይዟል፤ ሁለት ተከላካዮች ተጎድተውበታል። የአንድ ዓመት ኮንትራት ሊሰጠው ፈለገ፤ የዝውውር መስኮቱ ኦገስት 31 ሳይዘጋ መድረስ አለበት። ሁመይራ "አንድ ሲዝን ነው፣ እጠብቅሃለሁ" አለች። ሁዘይፋ የጉዞ ፈቃድ አመለከተ። ያለዚያ ከአሜሪካ ከወጣ የግሪን ካርድ ማመልከቻው እንደተተወ ይቆጠራል።

ፈቃዱ ኦገስት 20 መጣ። በትክክለኛው የልደት ቀን ቢጠየቅም ከድሮው ፋይል ነው የተገለበጠው፤ 1972 ይላል። ጉዳዩን የያዘችው ጠበቃ በስልክ በአጭሩ ነገረችው። በዚህ ወረቀት መውጣት ይችላል፤ መመለሱን ግን እሷን እንዳይጠይቃት። ይስተካከል ቢባል ዘጠና ቀን ይፈጃል።

ረመዳን ገብቷል። መስኮቱ ከመዘጋቱ በፊት ባለችው የመጨረሻ ቅዳሜ፣ ከሰዓት ከአስር ሶላት በኋላ፣ ሦስቱም ሳሎን ተቀመጡ።

"ትኬቱን እኔ ልቁረጥ" አሉ ጋሽ ፈክረዲን። "ጥፋቱ የኔ ነው።"

"የመሄጃው አልጠፋም ጋሼ። የጠፋው የመመለሻው ነው።"

"ኤርፖርት እኮ ነው የምሠራው። ሰው አውቃለሁ።"

"አባዬ፣ ፓርኪንግ ነው የምትሠራው" አለች ሁመይራ።

"ፓርኪንጉ የማን ነው? የኤርፖርት አይደለም?" አሉ። "ለሰባ ሰው ፎርም ሞልቻለሁ። አንድም ቀን አልተሳሳትኩም።"

"ለኔ አቆይተውልኝ ነው" አለ ሁዘይፋ።

ሁመይራ ወደ ባሏ ዞረች። "ሶ፣ ከሄድክ ለመመለስ ስንት ጊዜ ይፈጃል?"

"አላውቅም። አንድ ዓመት ይሆናል፣ ሦስትም ይሆናል።"

"አብሬህ ልምጣ?"

"ሃያ ሁለት ነሽ።"

"ማለቴ፣ የኔ ዕድሜ ለዴንማርክ አነሰ፣ ያንተ ለአሜሪካ በዛ።"

እሑድ ማለዳ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ፣ እሑድ እሑድ ከሚጫወቱት ሐበሾች ጋር ሜዳ ወጣ። አቅሙን ማወቅ ፈልጎ ነው። የቡድኑ አምበል ይገዙ ታክሲ ነጂ ነው። "ለቬተራን ልመዝግብህ?" አለው። "በካርድህ ከኔ በሁለት ዓመት ትበልጣለህ፣ አንቱ ልበልህ እንዴ?"

ከሦስት ሰዎች ጋር ኋላ ቆመ። ኳሷ ልትሻገር ስትል አንድ እርምጃ ወደፊት ወጣ፤ አጥቂውን ከጨዋታ ውጪ ለማስቀረት። ሦስቱ አብረውት መውጣት ሲገባቸው ባሉበት ቆሙ። አጥቂው ብቻውን ሄዶ አገባ።

"ዴንማርክ" ብሎ ጮኸ ይገዙ፣ "ብቻህን የት ነው የምትሄደው?"

አስረዳቸው። ሲቀጥል አንዱ አብሮት ወጣ፣ ሁለቱ አይተው ቀሩ። ከዚያ በኋላ መውጣቱን ተወና ወደ ኋላ እየሮጠ ያዳነውን አዳነ።

ሰኞ በምሳ ሰዓት ሠራተኛው ሲበላ መኪናው ውስጥ ገብቶ ኤሲውን ከፍቶ አሰልጣኙ ጋ ደወለ። ዴንማርክ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሆኗል።

"ወረቀቱ አልሆነም" አለ።

"መቼ ይሆናል?"

"ኖቬምበር መጨረሻ።"

"ያኔ ሊጉ እረፍት ነው። ጃንዋሪ ላይ መስኮቱ ሲከፈት ደውል። አትወፍር።"

አመስግኖ ዘጋ። ቀጥሎ ሁመይራ ጋ ደወለ፤ ፕሌኖ ከተማ፣ ልብስ ቤት ሥራ ላይ ናት።

"ምን አለህ?"

"ጃንዋሪ ላይ ደውል አለኝ።"

"ጥሩ ነዋ። ወረቀትህም ይደርሳል።"

"አልደውልም።"

"ለምን?"

"አጥቂ ብሆን ብቻዬን ኳስ ከግድግዳ ጋር እየመታሁ እቆይ ነበር። የኔ ሥራ ግን ብቻን አይሠራም። ሳልነግራቸው አብረውኝ የሚወጡ ሦስት ሰዎች ይፈልጋል፣ በየቀኑ። ያለነሱ አምስት ወር ቆይቼ ብሄድ፣ እሱ የሚያውቀው ተጫዋች አይደለም የሚደርሰው።"

"እኔ ልውጣልህ?"

"አንቺ ሜዳ ዳር ቆመሽ ፎቶ ታነሻለሽ እንጂ አትወጪም።"

ሳቀች። የምሳ ሰዓቱ ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ቀርቶታል። ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ተቀመጠ፤ እሷም አልዘጋችም። የዌርሀውሱ ደወል ሲጮኽ መኪናውን አጥፍቶ ገባ።