ሣሩን መልሼ የደፈንኩበት ቦታ

ይህ የደረሰብኝ አምና ነው፤ ከፋሲካ ሁለት ሳምንት በኋላ በዋለው ቅዳሜ። እስከ ዛሬ ለሰው ተናግሬው አላውቅም። አሁንም የምጽፈው ባለቤቴ አስቴር «ጻፈው፣ እኔ አልቀየምም» ስላለችኝ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ እሷን ሳልጠይቅ የማደርገው ነገር ብዙ የለም።

የምንኖረው አሜሪካ፣ ኦክላንድ ነው። እኔ የአዛውንቶች ማመላለሻ ቫን እነዳለሁ፣ አስቴር ደግሞ የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ትሠራለች። የዛሬ ሦስት ዓመት ወገቤን ሲያመኝ ሐኪሜ «ተራመድ» አለችኝ። እኔ ደግሞ ያለ ጉዳይ መንከራተት አይሆንልኝም። ባሕሩ ዳርቻ ላይ ወዲያና ወዲህ ስል ነው እንግዲህ ሬይን የተዋወቅሁት።

ሬይ ጡረታ የወጣ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ ነው። ጆሮው ላይ ማዳመጫ አድርጎ፣ ጫፉ ላይ የድስት ክዳን የሚመስል ነገር ያለው ዘንግ አሸዋው ላይ እያወዛወዘ ይሄዳል። ብረት መፈለጊያ ማሽን ነው። ከመሬት በታች ብረት ካለ ይጮኻል። ቆሜ ሳየው ማዳመጫውን አውልቆ እኔ ጆሮ ላይ አደረገልኝ። በዚያው ቀረሁ።

ሬይ ትርፍ ማሽኑን ከማዋሱ በፊት ደንቡን አስተማረኝ። የሕዝብ መሬት የሁሉም ነው ማለት ያንተ ነው ማለት አይደለም፣ መጀመሪያ ጠይቅ አለኝ። አንዳንዱ ፓርክ ጭራሽ አይፈቅድም፣ አንዳንዱ በጽሑፍ ይፈቅዳል። ስትቆፍር ሣሩን በሦስት ጎን ቆርጠህ እንደ ክዳን ግለጠው፤ አፈሩን ጨርቅ ላይ አድርግና ስትጨርስ መልሰህ ድፈነው፣ ሰው እንደቆፈርክ እንዳያውቅ። ቆሻሻ ካገኘህ እዚያው አትተወው፣ ወስደህ ጣል። የተዘጋ ዕቃ ካገኘህ ግን እንዳትከፍት፣ የሱሰኛ መርፌ ይኖርበታል።

እኔ ደግሞ ደንብ እወዳለሁ። ሱዳን ስደተኛ ሆኜ ወረቀት የሌለው ሰው ምን እንደሚደርስበት አይቻለሁ። ስለዚህ የፈቃዱን ኢሜይል ፕሪንት አድርጌ፣ አጣጥፌ፣ ኪሴ ሳልከት ከቤት አልወጣም ነበር። አንድ ጊዜ ጎረቤት ከተማ አልባኒ ውስጥ ለአንዲት ሴት የጠፋባትን የጋብቻ ቀለበት አግኝቼላት አቅፋኝ አለቀሰች። ይህንን ወሬ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያልነገርኩት ሰው የለም። አስቴር አራተኛ ጊዜ ስትሰማው «የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። እውነቷን መሆኑን ያኔ አላሰብኩም።

አሁን ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ።

አዲስ መጤ ሳለን የተከራየነው አፓርታማ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። እዚያ ቤት ወንድ ልጅ ተወለደልን፣ ዮናታን አልነው። በአሥራ ዘጠነኛ ቀኑ እንደተኛ ሞተ። አርባ ቀኑ አልሞላ፣ ክርስትና አልተነሳ። የቀበርነው የአንድ ሰዓት መንገድ ርቆ ሳን ሆዜ ነው፣ ዘመድ ቦታ አግኝቶልን። አስቴር እስከ ዛሬ ወደዚያ በሚወስደው ፈጣን መንገድ፣ ፍሪዌይ ላይ፣ አትነዳም። እኔም አንድ ቀን «ነይ ልውሰድሽ» ብያት አላውቅም። ከቀብሩ በተመለስን በሳምንቱ «የሞተ ተጎዳ፤ ከእንግዲህ በዚህ ቤት ስሙ አይነሳ» አልኳት። ለእሷ ያሰብኩ መስሎኝ ነበር። ለራሴ ነበር። ስሙን የሰማሁ ቀን መንዳት ያቅተኝ ነበር፤ ሳልነዳ ደግሞ እንጀራ የለም።

እሷም ዳግመኛ አልጠራችውም። ቤት ቀየርን። አሥራ ሰባት ዓመት ሞላ።

አምና ለሦስት ፓርኮች ፈቃድ ጠይቄ ሁለቱ ከለከሉኝ። የፈቀደልኝ ያ የድሮ አፓርታማችን ፊት ለፊት ያለው ትንሽ ፓርክ ሆነ። ትንሽ አመነታሁ። ከዚያ «ስንት ዓመት አለፈው፣ ሣር ሣር ነው» ብዬ ሄድኩ። ለአስቴር አልነገርኳትም። የዚያን ሰፈር ስም ከጠራሁ ሌላም ነገር ይከተላል ብዬ ፈራሁ።

ጠዋቱ ጥሩ ነበር። አንድ ሁለት ሳንቲም፣ የቁም ሣጥን ቁልፍ፣ የጆሮ ጌጥ አገኘሁ። ከመንገዱ ዳር ግንዷ ለሁለት የተከፈለ ትልቅ ዛፍ አለች። ከሥሯ ማሽኑ በኃይል ጮኸ። እንደተማርኩት ሣሩን በሦስት ጎን ቆርጬ ገለጥኩ። አንድ ክንድ ያህል ሳልቆፍር ክብ የሻይ ቆርቆሮ ወጣ። ዝገት በልቶት ክዳኑ ከገላው ጋር ተጣብቋል። ስነቀንቀው ውስጡ ቀለል ያለ ነገር ኮሽ ይላል። የሬይ ነገር ትዝ አለኝና አልከፈትኩትም። ወስጄ የፓርኩ ገርቤጅ፣ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጣልኩት። ተመልሼ አፈሩን ሞላሁ፣ ሣሩን ከደንኩ፣ በእግሬ ጫንኩት፣ ውኃ አፈሰስኩበት። ቆም ብዬ አየሁት። ሥራዬ ደስ አለኝ።

እኩለ ቀን ላይ ቤት ስገባ አስቴር ከሥራ ኦፍ ስለነበረች ወጥ እየሠራች ነበር። ያገኘሁትን ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍኩ።

«ዛሬ ደግሞ የት ሄድክ?» አለችኝ ዞር ሳትል።

«የድሮ ቤታችን ጋ ያለው ፓርክ» አልኩ፣ እንደ ቀላል ነገር።

ማማሰያዋ ቆመ። «እሱ ጋ ደግሞ መቆፈር ይቻላል?»

«ፐርሚሽን አለኝ እኮ! ኢሜይል አድርገውልኛል፣ ይኸው።» ወረቀቱን ከኪሴ አውጥቼ አሳየኋት።

ወረቀቱን አላየችውም። «የቱ ጋ ቆፈርክ?»

«ብዙ ቦታ። ያቺ መንታ ግንድ ያላት ዛፍ ሥርም...»

«ምን አገኘህ?»

«ምንም። የዛገ የሻይ ቆርቆሮ። ጣልኩት።»

አስቴር እሳቱን አጠፋች። ከዚያ የኩሽናው ወለል ላይ ቁጭ አለች። አመማት ብዬ ስሮጥ እጇን አንስታ አስቆመችኝ።

«የዮናታን እትብት ነው» አለች።

ያ ስም በአሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ በቤታችን ሲጠራ የመጀመሪያው ነው።

ወለሉ ላይ እንደተቀመጠች ነገረችኝ። «አንተ ቀንም ሌሊትም ደብል ትሠራ ነበር። እማዬ በስልክ «እትብቱን መሬት አስገቢ፣ እንዳትጥይው» አለችኝ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሆኜ ምን መሬት አለኝ? ገና አራስ ነኝ። ቆርቆሮ ውስጥ አድርጌ፣ እሱን አቅፌ ወረድኩ። በሾርባ ማንኪያ ነው የቆፈርኩት። ፖሊስ ያየኛል፣ ፈቃድ የለኝም እያልኩ ስገላመጥ ነበር።»

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት። ደንቆሮ ጥያቄ ነው።

«ስሙ አይነሳ አልከኝ።»

ቀጥላ የነገረችኝ ነው የገደለኝ። ሥራ የምትሄድበት አውቶቡስ በዚያ ፓርክ በኩል ያልፋል። ለካ ቅርብ ሌላ አውቶቡስ እያለ እሱን የምትይዘው ለዛፏ ነው። በመስኮት ታያታለች። በልደቱ ቀን ደግሞ አንድ ፌርማታ ቀድማ ወርዳ ሥሯ ትቆማለች። «ሳን ሆዜ ሩቅ ነው። ተዝካር የለው፣ ሙት ዓመት የለው። እኔ ያለኝ እሱ ነበር» አለችኝ።

መኪናውን እንዴት እንደነዳሁ አላውቅም። ፓርኩ ስንደርስ ቆሻሻ መጣያው ባዶ ነበር፤ አዲስ ፕላስቲክ ለብሷል። ሣር የሚያጭደውን ሠራተኛ ብጠይቀው የቆሻሻ መኪናው ከአንድ ሰዓት በፊት ወስዶታል አለኝ። የት እንደሚደፋ ጠየቅሁት። ፊቴን አይቶ እሱም አዘነ መሰለኝ፣ ስልክ ደውሎ አጣራልኝ። ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ ሄዷል። እዚያው አስፋልቱ ላይ አለቀስኩ። በቀብሩ ቀን አላለቀስኩም ነበር።

አስቴር ግን ወደ መጣያው አልመጣችም። ዛፏ ሥር ቆማ ነበር።

«እሺ፣ ቦታውን አሳየኝ» አለችኝ። «እኔ ከዛፏ ሥር መሆኑን እንጂ የቱ ጋ እንደሆነ ልክ አላውቀውም። ጨለምለም ብሎ ነበር፣ ቸኩዬ ነበር። አንተ ዛሬ ነው ያየኸው። አፈሩን ልንካው።»

ተንበረከኩ። ሣሩን በእጄ ዳበስኩ። ውኃው ደርቋል። እዚህ ጋ ነው ስል፣ አይደለም፤ ወዲህ ነው ስል፣ አይደለም። ሁሉም አንድ ዓይነት አረንጓዴ ነው። ጠርዙን ልዳስስ ብዬ ጥፍሬን ሰደድኩ፣ ምንም አልያዘኝም። መኪናው ውስጥ የቀረውን ማሽን አምጥቼ ከዛፏ ዙሪያ አወዛወዝኩት። ሞኝነት ነው፤ የሚያስጮኸውን ያወጣሁት እኔው ነኝ። ዝም አለ። ሦስት ጊዜ ዞርኩ። ዝም እንዳለ ነው።

አስቴር መጥታ ክንዴን ያዘችኝ። «ተወው በቃ። ለወገብህ ጥሩ አይደለም» አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ማሽኑን በማግስቱ ለሬይ መለስኩለት። ለምን እንደሆነ ስነግረው ባርኔጣውን አወለቀ።

አሁን በወር አንድ ቅዳሜ ሳን ሆዜ እንሄዳለን። እኔ እነዳለሁ። መንገድ ላይ ስለ ዮናታን እናወራለን፤ ጸጉሩ እንዴት እንደነበር፣ ሲያዛጋ እንዴት አፉን እንደሚያጣምም። እኔ የረሳሁትን ሁሉ እሷ አልረሳችም። ስሙን እየጠራሁም እነዳለሁ። እሷ ይቅር ብላኛለች። እኔ ራሴን ይቅር ማለት አልቻልኩም፤ ለከተማው ሦስት ኢሜይል የጻፍኩ ሰው አስቴርን አንድ ቃል አልጠየቅኋትም።

አውቶቡሷን ቀይራለች። አሁን ቅርብ ያለውን ነው የምትይዘው።

እኔ ግን አንዳንድ ቀን ቫኑን መልሼ ስመጣ ዛፏ ጋ እቆማለሁ። የትኛው ሣር እንደሆነ እስከ ዛሬ ላገኘው አልቻልኩም።