ጠፈጠፍ የተካፈልን ጊዜ

ጦርነቱ ከተማችን መርሳ ሲገባ መብራት ጠፋ፤ ቧንቧውም አብሮ ደረቀ። ወንዝ መውረድ አስፈሪ ሆነ፤ መንገዱ ላይ የታጠቀ ሰው አለ፣ ተኩሱም ሰዓት አይመርጥም። በዚያ ሰሞን የልጅ ልጄን ተቅማጥ ያዛት። ገና ጡት የጣለች ናት፤ እናቷ ደሴ እንደሄደች መንገድ ተዘግቶባት ቀርታለች። ጤና ጣቢያው ተዘግቷል። የማውቀው መድኃኒት አንድ ነው፤ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ፣ ጨውና ስኳር ተጨምሮበት። ልጅቷ አልቅሳ እንባ አልወጣት አለ።

ከጎረቤቴ ጋር ግድግዳ ይለየናል እንጂ ቆርቆሮው አንድ ነው። አሸንዳው ተነቅሎ ስለወደቀ ዝናብ ሲመጣ ውሃው ከጣራው ጠርዝ ይንጠባጠባል። ያንን ጠፈጠፍ እኔው በእንጨት ለክቼ እኩል አካፈልኩት፤ ከዚህ ወዲያ ያንቺ፣ ከዚህ ወዲህ የኔ። ውሃ ለመቆጠብ የሶላት መታጠቢያውን ውዱእ እንኳ ትቼ በአፈር ተየሙም እያደረግኩ ነበር የምሰግደው። በውሃ ነገር ማንም አይናገረኝም ብዬ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ቆርቆሮውን ሲመቱት ተኩስ መስሎኝ ልጅቷ ላይ ተደፋሁ። ዝናብ መሆኑን ሳውቅ ሳፋዬን ይዤ ወጣሁ፤ የጣራው ጥላሸት እንዳይገባበትም አሮጌ ሻሽ ጣል አደረግኩበት። ጎረቤቴም የሷን ደቀነች። ትንሽ ቆይታ ሁለቱን ሳፋ አስተያየች።

«እማማ፣ ለክተው ያካፈሉን አንቱ ነዎት። የርስዎ እየሞላ የኔ ለምን ጎደለ? ዝናቡም ሰለመ?»

«ቢሰልም ኖሮማ ሐጅ ይሄድ ነበር፤ መርሳ ምን ያደርጋል? ዞር በይ ልየው።»

ጎንበስ አልኩ። በሷ ሳፋ ጠብታው ባዶውን ብረት ሲመታ ይፈርጥና ዙሪያውን ይረጫል፤ ውጭ ያለው አፈር ጭቃ ሆኗል። በኔው ግን እርጥቡ ሻሽ ላይ ያርፍና ሳይዘል ይሰምጣል። ከጣራው የሚወርደው እኩል ነው፤ ሳፋው ውስጥ የሚቀረው ግን እኩል አይደለም።

ዝም ብል የሚያውቅብኝ አልነበረም። ውስጥ ልጅቷ ታቃስታለች፤ ከሳፋዬ አንድ ጣሳ ማጉደል ከጉሮሮዋ መንጠቅ መሰለኝ። ጎረቤቴ ደግሞ አራስ ናት፤ ካልጠጣች ምን ታጠባለች? ነጠላዬን በጥርሴ ይዤ ቀደድኩና ግማሹን ሳፋዋ ላይ አላልቼ ጣልኩላት።

«ኧረ ልብስዎን!»

«ሳያባራ ዳርና ዳሩን ያዢው።»

ብዙም ሳይቆይ አባራ። የሁለታችንን ውሃ አንድ ላይ ገልብጠን በጣሳ ተካፈልን። እሷ ድርሻዋን ወደኔ ገፋችው።

«ለልጅቷ ይጨምሩላት።»

«ድርሻሽን ውሰጂ። እኔን ሌባ ልታደርጊኝ ነው?»

ወሰደች። እኔ ግን ገብቼ ሳየው የደረሰኝ ጥቂት ነው። አፈላሁት፣ አቀዘቀዝኩት፣ በማንኪያ ጫፍ ጫፉን ሰጠኋት። አንዱን ስትውጥ አንዱን ትተፋለች። የተፋችውን ባየሁ ቁጥር እልኸኝነቴ ልጅቷን ሊገድላት ነው እያልኩ ራሴን ረገምኩ።

ሊነጋጋ ሲል እንደታቀፍኳት ጭኔን ሞቀኝ። ሸናችብኝ። ውሃ ያለቀበት ልጅ አይሸናም። ቀሚሴ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ሳልንቀሳቀስ ተቀመጥኩ።