ንቦች ያልገቡበት ቀፎዬ

ልጅ እያለሁ ስል የዛሬ አራት ዓመቱን ማለቴ ነው። ትልልቆች ይሳቁ፤ እኩዮቼ ግን ይገባችኋል፤ በሰባተኛና በአሥራ አንደኛ ክፍል መካከል ስንት ዘመን እንዳለ ታውቃላችሁ። ያኔ ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ስም አልነበረኝም። ሰፈሩም፣ ገበያውም፣ ባጃጅ ነጂዎቹም "አትሌቷ" ነበር የሚሉኝ። አንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር እሮጥ ነበር፤ እወደውም ነበር። የሚያናድደኝ ያገኘኝ ሁሉ ስለ እግሬ ብቻ መጠየቁ ነው። "እግርሽ እንዴት ነው?" ይሉኛል። እኔስ? ከሩጫ ሌላ ምን እንደምወድ የጠየቀኝ ሰውማ ጭራሽ ትዝ አይለኝም። ቢጠይቁኝ መልሱ አፌ ላይ ነበር፤ ንብ።

ንብ ያስወደደኝ የእናቴ ወንድም ጋሽ ማቴዎስ ነው። ቤቱ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ ሸዋ ቤንች በሚወስደው መንገድ፣ ቡናው መሃል ነው። ረጅም ልምምድ ባለኝ ቀን እስከ እሱ ቤት እሮጣለሁ። ከዝናብ በኋላ የሚሸተው የረጠበ ቅጠል፣ የኮረሪማው መዓዛ፣ ጫማዬን ሁለት ኪሎ የሚያደርገው ቀይ ጭቃ አሁንም አብረውኝ አሉ። እደርስና ላቤ እስኪደርቅ ቀፎ ሲሠራ አየዋለሁ። ግንድ ይሰነጥቃል፣ ውስጡን ይፈለፍላል፣ መልሶ ገጥሞ በሐረግ ያስረዋል። ከዚያ ያጥነዋል። ደረቅ ቅጠል እያጨሰ የቀፎውን አፍ ጭሱ ላይ ይደፋል፤ ውስጡን በጠጅ ሳርና በአሮጌ ሰፈፍ ያሸዋል፤ ገተም የሚባለው ትልቁ ዛፍ ሊያብብ ሲል ከፍ አድርጎ ይሰቅለዋል። ሽታው የጣማቸው ንቦች ይገባሉ። ያልጣማቸው አልፈው ይሄዳሉ።

አንድ ቀፎ ስጠኝ እያልኩ ስንት ጊዜ ለመንኩት መሰላችሁ። "ሴት ልጅ ዛፍ ላይ?" አለ መጀመሪያ። "እኔ አልወጣም፣ ጋሼ፤ አንተ ትሰቅልልኛለህ" አልኩት። በመጨረሻ ትንሿን ሰጠኝ። ግን በእሱ ቤት ሕግ አለ፤ ቀፎ የሚሆነው ላጠነው ሰው ነው። "ዛፉ ላይ እሰቅልልሻለሁ። ማጠኑንና ማሸቱን ግን እጄ ከነካው የኔ ሆነ" አለኝ። በጭሱ ዓይኔ እያለቀሰ፣ ክንዴን እስከ ክርኔ ቀፎው ውስጥ ከትቼ አሸሁ። ደስታዬን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ! አንድ ገተም ላይ ሦስት ቀፎ ተሰቀለ፤ ሁለቱ የእሱ፣ አንዷ የእኔ።

አሥር ቀን ሳይሞላ የእሱ ሁለቱ ቀፎዎች ይጮሁ ጀመር። የእኔዋ ጭጭ። በየሁለት ቀኑ እየሮጥኩ ሄጄ አንገቴ እስኪያመኝ ወደ ላይ አያለሁ፤ ምንም። የጋሽ ማቴዎስ ሚስት እትዬ አስቴር ቡና እየለቀመች፣ "የአትሌቷ ቀፎ ገና እየሮጠ ነው መሰለኝ፤ ንቦቹ አልደረሱበትም" ብላ ሳቀችብኝ። ንድድ አልኩ።

በኋላ ጋሼ አወረዳት። አፍንጫውን አስገብቶ አሸተተና ሁለት ጊዜ አስነጠሰው። "አንቺ ልጅ፣ እዚህ ውስጥ ክሊኒክ ከፍተሻል እንዴ?"

ቅባቱ ነው። ያን ሰሞን ባቴን ይይዘኝ ስለነበር የስፖርት መምህራችን ጡንቻ የሚያሞቅ ቅባት ሰጥቶኝ ጠዋት ማታ እቀባ ነበር፤ ያን ዓይን የሚያቃጥለውን። እኔ ለምጄው አይሸተኝም። በዚያው እጄ ነው ሰፈፉን ያሸሁት። ንብ በሬን አንኳኩታ፣ አሽትታ፣ ተመልሳ ሄዳለች ማለት ነው።

ጋሼ አልተቆጣም። "አበባው ገና አለ። ቅዳሜ እጅሽን አጽድተሽ ነይና እንደገና እጠኚያት" አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቅባቱን ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። እጄን በሎሚ ፈተግሁት፣ በአመድ ፈተግሁት። ቅዳሜ ጠዋት ልምምድ ላይ ምን ይሆናል? ባቴ ቀጥ!

"ቅባቱን ተቀብተሻል?" አለ ቲቸር።

"አዎ ቲቸር።"

"ውሸታም። ብትቀቢ ኖሮ ይሸተኝ ነበር።" ከቦርሳው ሌላ አወጣ። "እዚሁ ፊቴ ተቀቢ። በሚቀጥለው ሳምንት ቴፒ ላይ ውድድር አለብሽ።"

"ቲቸር፣ ዛሬ ቀፎ ማጠን አለብኝ።"

"ምን?" አለና ሳቀ፤ ቡድኑ በሙሉ ሳቀ። "አንቺ እግርሽን ጠብቂ፤ ማሩን እኔ እገዛልሻለሁ።"

ማር! ማር ፈልጌ መሰለው። ጎንበስ ብዬ ተቀባሁ። እያነከስኩ ስሄድ መንገድ ላይ ባለው ወንዝ እጄን ሦስት ጊዜ ታጠብኩ፤ ጋሼ ግን ገና ከአጥሩ ሳልገባ ሸተትኩት። ራሱን ነቀነቀ። "ዛሬ አይሆንም።" ከዚያ ፊቴን አየና፣ "እኔ ላጥንልሽ?" አለኝ። ሕጉን ሁለታችንም እናውቃለን። "ተወው፣ ጋሼ" አልኩት። ቀፎዬ ከግድግዳው ጥግ ባዶዋን ቀረች።

ቴፒ ላይ ሦስተኛ ወጣሁ። የውድድሩ ዕለት ጠዋት ጋሼ ለእናቴ ደውሎ የገተሙ አበባ ረግፎ ማለቁን ነግሯት ነበር። ሜዳሊያው አንገቴ ላይ ሲገባ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ሁሉም ከበበኝ። "አይዞሽ፣ በሚቀጥለው አንደኛ ነሽ!" ቲቸር ደግሞ፣ ደግ ሰው ነው እኮ፣ ቃሌ ነው ብሎ ከቴፒ ገበያ አንድ ኪሎ ማር ገዛልኝ። ለእናቴ ሰጠኋት፤ በጣቴ እንኳ አልቀመስኩትም። ለምን እንደማለቅስ አንድ ሰው አልጠየቀኝም፤ እኔም ተናግሬ እንደገና እንዳይሳቅብኝ ዝም አልኩ።

አሁን ዝም አልልም። ስለ እግሬ የጠየቀኝን ሁሉ፣ ሳይጠይቀኝ፣ ስለ ንብ አወራዋለሁ። ይኸው ጽፌም አረፍኩት። ሆኖም አንዳንዴ ያቺ የሰባተኛ ክፍል ልጅ ታሳዝነኛለች፤ አጠገቧ ቁጭ ብዬ "እና ቀፎሽስ?" ብላት ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት አጥኜ ሁለት ዓመት ባዶ ሆነብኝ። አምና ልምምድ ላይ እያለሁ ጋሼ ደወለ። "ነይ፣ ገብተውልሻል" ብሎ ዘጋው። ቲቸርን አላስፈቀድኩም። ከሜዳው ወጥቼ፣ ባጃጆቹን አልፌ፣ ጭቃውን እየረገጥኩ እስከ ገተሙ ሥር ድረስ በረርኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ፈጥኜ ሮጬ አላውቅም፤ ሰዓት የያዘልኝ ሰው ግን አልነበረም።