ከስተው ይምጡ

እህቴ መጀመሪያ በተመዘነችበት ቀን ሰቃ፣ በሐጂ የቡና መጋዘን ውስጥ አምስት ሰዎች ነበርን። የመጋዘኑ ባለቤት ሐጂ በሩ ላይ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው ቆመዋል፤ ሴት ስትመዘን አላይም ብለው ነው። ሚዛን ያዡ ባስኩል ከሚባለው ትልቁ የቡና ሚዛን ፊት፣ እጁን ብረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ብሏል። ከመንገዱ ማዶ ጠላ የምትሸጠው ጎረቤቷ የእህቴን ጫማና ነጠላ ይዛ በቀኝ በኩል ቆማለች። እኔ ከግድግዳው ጋር ከተደረደረው የጀንፈል፣ ያልተፈለፈለ ደረቅ ቡና፣ ጆንያ አጠገብ ነበርኩ። እህቴ መሐል ላይ፣ ጆንያ በሚጫንበት ጠፍጣፋ ብረት ላይ በባዶ እግሯ ቆማ ጣሪያውን ታያለች። ሠራተኞቹ ለምሳ ወጥተው ነበር።

ሚዛን ያዡ ብረቱን ገፋ፣ መለስ አደረገና እንደ ልማዱ ጮክ ብሎ ሊጠራ ሲል ሐጂ ከበሩ ሆነው፣

«ቀስ በል! ቡና አይደለችም» አሉት።

ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገራት። ቁጥሩን አልጽፈውም፤ ለማንም እንዲነገር አትወድም ነበር። ከዚያ ጭንቅላቱን አከክ አከክ አደረገና፣

«ማዘር፣ ለቡና ሲሆን የጆንያውን አንድ ኪሎ እንቀንሳለን። ለእርስዎም ልቀንስ?» አላት።

«ጆንያውንስ ብትቀንስልኝ ምን ነበረበት» አለችና ሆዷን ይዛ ሳቀች። ስትስቅ ሆዷን የምትይዘው ስለሚያማት ነው።

እህቴ ታናሼ ናት። እኔ ያን ጊዜ ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር እየኖርኩ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት እሠራ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ሰቃ እሄዳለሁ። እሷ ከሐጂ መጋዘን ጎን ምግብ ቤት ነበራት። የሚበሉላት ቡና ገዢዎች፣ ጫኝ አውራጆችና ወደ ሸቤ የሚያልፉ ሾፌሮች ነበሩ። ባሏ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በጉበት ታሞ፣ ከስቶ ከስቶ ሞቷል። ልጆቿ አድገው በየፊናቸው ሄደዋል። የምትኖረው በዚያች ምግብ ቤት ነው።

ከመጨረሻ ወሊዷ በኋላ ከእምብርቷ በላይ እብጠት ወጥቶባት ነበር። ስትቆም ይወጣል፣ ስትተኛ ይገባል። ለብዙ ዓመታት በመቀነት ጥፍር አድርጋ እያሰረች ሠራች። በኋላ ግን አንዳንድ ቀን አልገባ እያለ ያስመልሳት ጀመር። ጅማ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፣ ጨዋ ነው።

«እናቴ፣ ይሄ አንጀት ነው» አላት። «የሆድዎ ሥጋ ተከፍቶ አንጀትዎ በዚያ እየወጣ ነው። ክፍተቱን በኦፕራሲዮን መስፋት ይቻላል። በዚህ ውፍረት ግን ብሰፋውም ተመልሶ ይቀደዳል። ማደንዘዣውንም አልደፍረውም። ከስተው ይምጡ።»

«ካልከሳሁስ፣ ዶክተር?»

«አንድ ቀን ይወጣና አልገባም ይላል። አንጀቱ እዚያው ይታነቃል። ያኔ ከስተውም ወፍረውም እንሠራዋለን፤ ግን ለመዳንዎ ዋስ አልሆንም።»

ምን ያህል መቀነስ እንዳለባት በኪሎ ነገራት። ጤና ጣቢያው ያለችው ሚዛን እሷን ስለማትችል ነው ወደ ሐጂ ባስኩል የሄድነው። ሚዛን ያዡ ኪሎውን ሲሰማ በልቡ አሰላና፣ «ሁለት ፈረሱላ ግድም ነው» አለ። ፈረሱላ ቡና የሚገዛበት ልክ ነው፤ አንዱ አሥራ ሰባት ኪሎ ይሆናል። እሷም፣ «ሁለት ፈረሱላ ቡና ተሸክሜ ነዋ ወጥ የምሠራው» አለች።

ጾም የለመደች ሴት ስለሆነች ጾሙ ያከሳኛል ብላ ጀመረች። አላከሳትም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውላ የምትበላው ዳቦና ዘይት የጠጣ ሽሮ ነበር። ሐኪሙ ይህን ሲሰማ ዳቦውን፣ ዘይቱንና ስኳሩን ከለከላት፤ እንጀራውንም በግማሽ ያድርጉት ብሎ አትክልት ያብዙ አላት። ምግብ ቤት ላላት ሴት ይህ ቀላል ትእዛዝ አይደለም። ወጥ ሳይቀመስ አይወጣም፤ ስትቀምስ ደግሞ በትንሽ ቁራሽ አጥቅሳ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሲጠራቀም አንድ ማዕድ ይሆናል። ስለዚህ ቀምሳ መትፋት ለመደች። ከምድጃው አጠገብ አንድ ጣሳ አስቀመጠች።

ከኮሌጅ ለቡና በሽታ ጥናት የሚመላለስ አንድ መምህር እሷ ዘንድ ይበላ ነበር። ጎመን ብቻ ይዛ ሲያያት ጠየቃት፤ ነገረችው።

«ውጭ አገር ቢሆን እኮ ክሳቱንም በኦፕራሲዮን ነው የሚሠሩት» አላት። «ጨጓራውን ቆርጠው ያሳንሱታል። ሰውዬው እፍኝ ከበላ ይጠግባል።»

«ምን ሆኖ ነው ሰውዬው?»

«ምግብ በዝቶበት።»

«ጉድ እኮ ነው! እነሱ ለመክሳት ይቀደዳሉ፣ እኔ ለመቀደድ እከሳለሁ» አለች።

መምህሩ ሳቀ። እሷም ሳቀች፣ ሆዷን ይዛ።

ሌላው ትእዛዝ በእግር መሄድ ነበር። ቀኑን ሙሉ ቆማ ብትውልም ሐኪሙ ያ አይቆጠርም ብሏታል። በሰቃ ግን ጉዳይ የሌላት ትልቅ ሴት መንገድ ለመንገድ አትሄድም። በመጀመሪያው ሳምንት ያገኛት ሁሉ «ኤሳ ዴምታ?» ይላታል፤ ወዴት ትሄጃለሽ ማለት ነው። ጋሪ ነጂዎች ካልጫንንሽ ብለው ይቆማሉ። አንዲት ሴት ማን ሞተ ብላ ተከትላታለች። ከዚያ በኋላ ዘንቢል ይዛ መውጣት ጀመረች። ዘንቢሉ ባዶ ነው፤ ሰው ሲጠይቃት «ገበያ» ትላለች። ቅዳሜ ከእሷ ጋር ስሄድ ባዶውን ዘንቢል እየተቀባበልን እንይዝ ነበር። ብዙ አናወራም። እሷ ታለከልካለች፤ እኔም ከሰው ብዙ የማወራ አይደለሁም።

በየወሩ መጀመሪያ በምሳ ሰዓት ባስኩሉ ላይ ትወጣለች። ሐጂ ፊታቸውን ወደ መንገዱ እንዳዞሩ፣

«ስንት ቀረሽ፣ ኢንተላ ኮ?» ይሏታል። ልጄ ማለታቸው ነው።

«አንድ ከምናምን ፈረሱላ፣ ሐጂ።»

«ኢንሻአላህ፣ እሱም ይሄዳል።»

ክረምቱ ሲገባ ሄደላት። ጉንጯ ጎደለ፤ አንገቷ ወጣ። ደስ ያለን ግን እሷና እኔ፣ ሐጂና ሚዛን ያዡ ብቻ ነበርን።

በእኛ ቋንቋ ወፈርሽ ሲሉ ምርቃት ነው፤ ከሳሽ ሲሉ ጥያቄ ነው። በዚያን ዘመን ደግሞ ጥያቄው አንድ ብቻ ነበር። በየሰፈሩ ወጣት ይቀበራል። መድኃኒቱ ገና እኛ ዘንድ አልደረሰም። ሰው ኤድስን በስሙ አይጠራም፤ «ያ በሽታ» ነው የሚለው። ባሏ ከስቶ ነው የሞተው። አሁን እሷ እየከሳች ነው።

አንድ የሸቤ ሾፌር ሊታጠብ ወደ ጓሮ ሲያልፍ ከድስቱ ቀምሳ ጣሳው ውስጥ ስትተፋ አያት። ተመልሶ የቀረበለትን ምግብ ሳይነካ ወጣ። ከዚያ በኋላ ሾፌሮቹ መኪናቸውን ከፊት ለፊት እያቆሙ ሌላ ቤት ገብተው ይበሉ ጀመር። ከቀሩት አንዳንዶቹ ለስላሳ ብቻ አዝዘው በጠርሙሱ ይጠጣሉ፤ ብርጭቆ ስታቀርብላቸው «ይቅርብኝ» ይላሉ። አንድ ቅዳሜ እኔ እዚያው ተቀምጬ ሳለሁ አንድ ጫኝ አውራጅ ከበሩ ሆኖ፣

«ማዘር፣ እርስዎ የተፉትን እኛ እንብላ?» አላት።

ጓደኞቹ ሳቁ። እሷ ጭልፋውን ይዛ ቆመች፣ ከዚያ ወደ ውስጥ ገባች።

ጎረቤቷ ማርና ጥቁር አዝሙድ ታመጣላት ጀመር።

«አይዞሽ የኔ እናት፣ አንቺ ብቻ አይደለሽም» ትላታለች ድምጿን ቀንሳ።

«ምን ሆንኩና ነው የምታጽናኚኝ? ስመዘን ጫማዬን ይዘሽ ቆመሽ የለም? ሐኪም ነው ክሺ ያለኝ።»

«ይሁን፣ ይሁን። ማሩን ብቻ በባዶ ሆድ ላሺ።»

ጅማ ወስጄ ደሟን አስመረመርኳት። ንጹሕ ነበር። ለጎረቤቷ ነገረቻት። ጎረቤቷ «ተመስገን» አለች፤ ማር ማምጣቷን ግን አላቆመችም።

በመስከረም አንድ ቅዳሜ ስሄድ እህቴ በላይ በላዩ ሦስት ቀሚስ ለብሳ፣ ከዚያ በላይ ሹራብ ደርባ ምድጃው ፊት ቆማለች። ላቧ ከአገጯ ላይ ይንጠባጠባል።

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኳት።

«ውፍረቴ ነው» አለች።

በዚያው ቀን ልትመዘን ሄድን። ቀሚሶቹን ከጆንያዎቹ ኋላ ሆና አወለቀች፤ እኔ ተቀበልኳት። ሚዛን ያዡ፣ «ማዘር፣ ዛሬስ ጆንያው ከቡናው በዛ» አለ። ማንም አልሳቀም። የቀራት ግማሽ ፈረሱላ አይሞላም ነበር። ሐጂ ከበሩ ሆነው «አልሐምዱሊላህ» አሉ። እሷ ቀሚሶቹን መልሳ አንድ በአንድ ለበሰች።

ከወር በኋላ ቡናው ደረሰ። የሰቃ ምግብ ቤት የዓመቱን የሚያገኘው በእነዚያ ጥቂት ወራት ነው። መንገዱ በሰው ሞላ፤ የእሷ ቤት ባዶ ነበር። ከሐጂ መጋዘን የሚወጡት ሠራተኞች እንኳ በራፏን አልፈው ነው የሚሄዱት። ስመጣ ከበሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ተቀምጣ አገኘኋት። ከፊቷ ቅቤ የጠጣ ዶሮ ወጥ፣ ሙሉ እንጀራና ዳቦ ነበር።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እየበላሁ ነው፣ እትዬ። ቡናው ይለፍ። ሲያልፍ እንደገና እከሳለሁ፤ አሁን መንገዱን አውቄዋለሁ።»

«ሐኪሙ ያለሽን ረሳሽው?»

«አልረሳሁም። ሐኪሙ ግን መጥቶ አይበላልኝም።»

መንገደኛ ሁሉ እያያት በላች። ወጥ ስትቀምስ ዋጠች። ጣሳውን ጣለችው፤ ዘንቢሉ ውስጥ ሽንኩርት ተደረገ። ከሦስቱ ቀሚሶች አንዱን አወለቀች፣ ቆየት ብላ ሁለተኛውን። በኅዳር ሰው «ወፈርሽ! ተመስገን!» ይላት ጀመር፤ ቤቱም ሞላ። ያ ጫኝ አውራጅ ገብቶ፣

«ማዘር፣ ተመለሱልን!» አላት።

«የት ሄጄ?» አለችው። አበዛችለት።

ሐጂ ብቻ አልሳቁላትም።

«ሚዛኑ እዚያው ነው ያለው። አልመጣሽም» አሏት።

«ቡናው ይለፍ፣ ሐጂ።»

«ቡናው ለከርሞም አለ፣ ኢንተላ ኮ» አሉና ወደ መጋዘናቸው ገቡ።

የታመመች ቀን ማክሰኞ ነበር፤ ጠዋት ጀመራት። ቤቱ ግጥም ብሎ ስለነበር እስከ ከሰዓት በኋላ ሆዷን ይዛ ስታስተናግድ ዋለች። አረንጓዴ ስታስመልስ ያዩት ሐጂ ናቸው። ቡና የጫነ አይሱዙ አስቁመው ከሾፌሩ ጎን አስቀመጧትና ራሳቸው ይዘዋት ጅማ መጡ። እኔን ከመሥሪያ ቤት አስጠሩኝ።

ስደርስ ተጋድማለች። የሐኪሙ እጅ ሆዷ ላይ ነው፤ ያው ሐኪም ነበር። አወቃት።

«እናቴ፣ ከስተው ይምጡ ብዬዎት ነበር እኮ» አላት።

«ከስቼ ነበር» አለች።

ከእሷ አፍ የሰማሁት የመጨረሻ ቃል ይህ ነው። ወዲያው አስገቧት። ሐጂና እኔ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥን፤ እሳቸው መቁጠሪያቸውን ይዘዋል፣ እኔ ምንም አልያዝኩም። ሐኪሙ ሲወጣ አንጀቷ ጠቁሮ እንዳገኘው፣ ብዙውን ቆርጦ እንዳወጣ ነገረን። በማግስቱ ሳትነቃ ሞተች።

ሰቃ ቀበርናት። በሠልስቷ ድንኳኑ የተተከለው በምግብ ቤቱና በመጋዘኑ መካከል ነበር። ወንዶቹ በመጋዘኑ በኩል፣ ሴቶቹ በምግብ ቤቱ በኩል ተቀምጠዋል። ሐጂ በዚያው በለመዱት በር ላይ ቆመው ነበር። ሚዛን ያዡ ለለቀስተኛ ውኃ ያቀርባል። ጎረቤቷ ከእኔ ቀጥሎ ነበረች። ብዙ አልቅሳለች፤ የእውነቷን ነው ያለቀሰችው። ቆየት ብላ ዓይኗን ጠርጋ ወደ ሴቶቹ ዞረች።

«እኔ እንኳ ሚዛን ላይ የወጣችው ለሽፋን መስሎኝ ነበር፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ» አለች። «ያ በሽታ ነው ብዬ ስንት ሌሊት አለቀስኩላት። ደግነቱ ተመልሳ ነበር። ወፍራ ነው የሞተችው፤ ሰው ሁሉ አይቷል።»

«ተመስገን ነው» አለች አንዷ።

«ተመስገን» አሉ ሌሎቹ።

ጎረቤቷ ጉልበቴን ያዝ አድርጋ፣ «አንቺም ተመስገን በዪ እንጂ፣ እትዬ» አለችኝ።

ነጠላዬን ለበስኩ፤ ተነስቼ ወጣሁ።