ሃዝ ቢን ወይስ ሃድ ቢን

የያዙኝ ከመምህራን ማረፊያ ክፍል ነው። ቦንጋ ውስጥ በተደረገ ስብሰባ ላይ አንድ ጥያቄ አንስቼ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሁለት ፖሊሶች መጥተው «ለአጭር ጉዳይ ትፈለጊያለሽ» አሉኝ። ጠመኔ የነካውን ጋዋኔን ሳላወልቅ ተከተልኳቸው።

የታሰርኩበት የሴቶች ክፍል ጠባብ ነው። አረንጓዴው ቀለም ከእርጥበቱ ብዛት ተላልጧል፣ ያልደረቀ ልብስ ይሸታል። ዘጠኝ ሆነን በሦስት የፕላስቲክ ምንጣፍ እንተኛለን። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ መደማመጥ አይቻልም።

በሳምንቱ እንግሊዝኛ ማስተማር ጀመርኩ። አሥራ አራት ዓመት የሠራሁት እሱን ነው። በከሰል ግድግዳው ላይ እጽፋለሁ፣ ሴቶቹ ይደግማሉ። «ቲቸር» ሲሉኝ ሰው የሆንኩ ይመስለኛል።

ከዚያ አሥረኛ አድርገው እሷን አመጧት። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ማንኪራ ጫካ ውስጥ ቱሪስት ታስጎበኝ ነበር። እንግሊዝኛዋ ሰዋስው የለውም፣ ግን ይፈስሳል። የፈረንጆቹን አነጋገር እያስመሰለች ሴቶቹን በሳቅ ትገድላቸዋለች። በእኔ ትምህርት አንድም ቀን ስቀው አያውቁም። የአገሬው ቋንቋ ካፊኖኖም አፍ የፈታችበት ነው፤ እኔ የነጋዴ ልጅ፣ ወላጆቼ ከመሀል አገር የመጡ፣ ከሰላምታ አላልፍም።

ከሺሺንዳ የመጡ አንዲት የማር ነጋዴ እናት ነበሩ፤ ሁላችንም እማማ እንላቸዋለን። ፖሊስ ልጃቸውን ፈልጎ ሲያጣው እሳቸውን ይዞ መጣ። አራት ወር ሙሉ ፍርድ ቤት አልቀረቡም። ከእኔ ጎን ነበር የሚተኙት። ልጅቷ በመጣች በሦስተኛው ቀን ጋቢያቸውን ይዘው ወደ እሷ ሄዱ። ጀርባቸውን ባየሁ ቁጥር ወደ ግድግዳው እዞራለሁ።

አንድ ቀን ጠባቂዋ መጥታ፣ ነገ ከውጭ አገር የመጡ ሰዎች እንደሚጎበኙንና ከየክፍሉ አንድ ሰው እንደሚናገር ነገረችን። ወደ እኔ ያየ ሰው አልነበረም። «እሷ ትናገርልን» አሉ ወደ ልጅቷ እያዩ።

ከሰዓት በኋላ ልጅቷ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች።

«ቲቸር፣ የእማማን ጉዳይ ስናገር ሃዝ ቢን ዌይቲንግ ነው ወይስ ሃድ ቢን ዌይቲንግ የምለው? ሁልጊዜ ይምታታብኛል።»

ልዩነቱን ተኝቼም አውቀዋለሁ። የመጀመሪያው እስካሁን እየጠበቁ ነው ማለት ነው። ሁለተኛው ሲጠብቁ ቆይተው ነበር፣ አሁን አልፏል ማለት ነው።

«ሃድ ቢን በይ» አልኳት።

«እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ለብቻዋ እያነበነበች ሄደች። እንግዶቹ ግራ ሲጋቡ፣ እሷ ስታፍር፣ ሴቶቹም ወደ እኔ ሲዞሩ ይታየኝ ነበር።

ጠዋት እማማ ፊታቸውን ታጥበው፣ ሻሻቸውን አሳምረው አስረው በሩ አጠገብ ተቀመጡ። በዚያች በተሰባበረች አማርኛቸው፣ «ቲቸር፣ ልጅቱ ጥሩ ይናገራል? እኔ ዛሬም እዚህ ነኝ ይላል?» አሉኝ።

ተነስቼ ወደ ልጅቷ ሄድኩ። ሁሉም ይሰማሉ።

«ትናንት የነገርኩሽ ስህተት ነው። ሃዝ ቢን ነው። አውቄ ነው ያሳሳትኩሽ።»

«አውቀው?»

«አዎ።»

«ለምን?»

«ሴቶቹን ወሰድሽብኝ።»

ልጅቷ ከእግር እስከ ራሴ አየችኝና፣ «እሺ፣ ይበሉልኝ፣ ልከተልዎት» አለች። በሩ እስኪከፈት ድረስ አብረን ደገምነው።

እንግዶቹ ገቡ፤ እሷም ተናገረች። አንዷ እንግዳ መጻፏን አቁማ «እስካሁን?» ብላ ጠየቀች። ልጅቷም «እስካሁን» አለች። በአሥራ አምስተኛው ቀን እማማን ፍርድ ቤት አቀረቧቸው፤ ዳኛው ለቀቃቸው። በጉብኝቱ ይሁን በሌላ አላውቅም። ልጅቷም ተፈታች። ሌሎቹን እያቀፈች ስትሰናበት፣ እኔን በእጇ ብቻ ጨበጠችኝ። እኔ ሌላ ሁለት ወር ቆየሁ።

አሁን ወደ ማስተማሬ ተመልሻለሁ። ባለፈው ወር ገበያው አጠገብ ባጃጅ ስጠብቅ አየኋት፤ ፈረንጆች ከኋላዋ አስከትላ እያወራች ታስቃቸዋለች። «ቲቸር» ብላ አንገቷን ዝቅ አድርጋ አለፈች። እንግሊዝኛዋ ዛሬም ሰዋስው የለውም። ቆሜ ሰማኋት፤ ያው ቅናት መጣ። ያሳሳትኳት እኔ መሆኔን የሚያውቁ ዘጠኝ ሴቶች ነበሩ። ከዛሬ ጀምሮ ይህን ያነበበ ሁሉ ያውቃል።